ጨጓራ ማጠብ ለሚቀፋችሁ

በዓል ሲደርስ ደሴ ውስጥ የማይወራ ነገር የለም። የበግ ዋጋ፣ የቅቤ ዋጋ፣ የሽንኩርት ዋጋ፣ ማን ከማን ጋር ቅርጫ እንደገባ። አንድ ነገር ግን ማንም አያነሳም። በጉ ከታረደ በኋላ ጨጓራውን ማን ነው የሚያጥበው?

እናት ቤት እያለን መልሱ የታወቀ ነው። እናት፣ አክስት፣ ካልሆነም ታላቅ እህት። ከዚያ ቤት ተከራይተን ስንወጣ ወይም ትዳር ስንይዝ፣ በጉ በራሳችን በር ላይ ሲታሰር ነው ጉዱ የሚመጣው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸሻል። አንዳንዱ ለጎረቤት ሰጥቶ ይገላገላል፣ አንዳንዱ እንዳለ ጉድጓድ ውስጥ ይከተዋል። ዱለት የሚሆን ነገር ሲጣል ያንገበግበኛል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሰውየው "እኔ በቃ አልችልም" ብሎ ለዕድሜ ልኩ ሲደመድም ማየት ነው። አብሽሩ፣ ይቻላል። ማንም ሲወለድ ጨጓራ ማጠብ ወዶ አልተወለደም።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። መቀፈፍ ቅምጥልነት አይደለም። ሰውነታችን ከበሽታ የሚጠብቅበት አንዱ መንገድ ነው፤ የሚሸትና የሚያሙለጨልጭ ነገር ሲያይ "ራቅ" ይለናል። ስለዚህ እስኪጠፋ አትጠብቁት። ቁጭ ብላችሁ ስለ ጨጓራው ባሰባችሁ ቁጥር ይብሳል እንጂ አይቀንስም። የሚቀለው እጅ ከገባ በኋላ ነው።

ሥራውን በእውነት አስጠሊታ የሚያደርገው ደግሞ መዘግየት ነው። በጉ ቢሞትም ጨጓራው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ሳሩን ማብላላታቸውን አያቆሙም። ጋዝ ይፈጠራል፣ ጨጓራው ይነፋል፣ ሽታው እየከረረ ይሄዳል። ስለዚህ "ቡና እንጠጣና፣ ጥብሱን እንቅመስና፣ ከዚያ እናጥበዋለን" የሚለው ሰው ለራሱ ሥራ እየጨመረ ነው። በአጠቃላይ ጥሬ ሥጋና የሆድ ዕቃ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። የደሴ ብርድ ትንሽ ያግዛል። ኮምቦልቻና ባቲ ያላችሁ ግን በጉ ተገፎ እንዳለቀ ግቡበት።

አሁን ደግሞ የእናንተ ችግር የቱ እንደሆነ ለዩ። ሁሉም ሰው "ይቀፈኛል" ይላል እንጂ የሚቀፈው ነገር አንድ አይደለም። አንዱን ሽታው ነው የሚያጥወለውለው። አንዱ ሽታው ምንም አይለውም፣ ደም ሲያይ ግን ይዞርበታል። ሌላው ደግሞ ሁሉንም ችሎ ያንን ሞቅ ያለና የሚያዳልጥ ነገር በእጁ መንካት ብቻ ነው የማይችለው። መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ሽታው ለሚያስቸግራችሁ። አፍንጫ አንድን ሽታ ለጥቂት ደቂቃ ሳያቋርጥ ከሸተተ ይለምደዋል። ሽታው ሳይቀንስ እናንተ መስማት ትቀንሳላችሁ። ችግሩ ብዙዎቻችን አንድ ደቂቃ ሠርተን "ኡፍፍ" ብለን ወደ ውጭ እንሮጣለን፣ ንጹህ አየር ስበን እንመለሳለን፣ አፍንጫችን ታድሶ ስለመጣ ሽታው እንደ አዲስ ይመታናል። እንዲህ ወጣ ገባ ሲሉ መዋል ራስን ማሰቃየት ነው። መጀመሪያውኑ ደጅ፣ ነፋስ ያለበት ቦታ ተቀመጡ፤ ከተቀመጣችሁ በኋላ አትነሡ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በአፍ ተንፍሱ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክ ካላችሁ ውስጡ የሎሚ ልጣጭ ወይም አንድ ዘለላ ጤና አዳም አድርጉበት። ሽቶ ግን አትርጩ፤ ሽቶና ፈርስ፣ ማለት ጨጓራው ውስጥ ያለው፣ ሲደባለቁ ከሁለቱም የከፋ ነገር ነው የሚወጣው።

ሆዳችሁንም አስቡበት። ጭራሽ ባዶ ሆድ ማቅለሽለሽን ያብሳል፣ ጠግቦ መግባትም እንደዚያው። ትንሽ ደረቅ ዳቦ ቅመሱ፣ የዝንጅብል ሻይ ጠጡበት። በተለይ ፋሲካ ላይ፣ 55 ቀን ከሥጋና ከቅቤ ርቆ የከረመ ሆድ በሌሊት የሥጋ ሽታ ሲመጣበት ቢገለበጥ አይፈረድበትም።

ደም አይታችሁ የሚዞርባችሁ ከሆነ የእናንተ ጉዳይ ከማቅለሽለሽ ይለያል። አንዳንድ ሰው ደም ሲያይ የደም ግፊቱ በድንገት ይወርድና ራሱን ይስታል። እዚህ ላይ "ዘና በል፣ ሰውነትህን አላላ" የሚለው ምክር ጭራሽ ይጎዳል። ላርስ-ዮራን ኧስት የሚባል ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ዘዴ የዚህ ተቃራኒ ነው። የእጃችሁን፣ የእግራችሁንና የሆዳችሁን ጡንቻ አጥብቃችሁ ጨብጡ። ፊታችሁ ሞቅ እስኪል፣ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ያዙት። ከዚያ ለ20 ወይም ለ30 ሴኮንድ ልቀቁ። አምስት ጊዜ ያህል ደጋግሙት። ጡንቻው ሲወጠር ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ማዞሩም ይተዋችኋል። በዓሉ ከመድረሱ በፊት ባሉት ቀናት ቤት ውስጥ ተለማመዱት፣ በዕለቱ ደግሞ ከማየታችሁ በፊት ጀምሩት። ሲታረድ የግድ ማየት የለባችሁም፤ ጨጓራው ላይ ያን ያህል ደም የለም።

መንካት ለሚከብዳችሁ ጓንት ግዙ። ወፍራሙ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አይጨብጥም፣ ሲያዳልጣችሁ ይበልጥ ትናደዳላችሁ። ከፋርማሲ ስሱን የሕክምና ጓንት ገዝታችሁ ሁለት ሁለት ደርቡ። እጅ ላይ ትንሽ ጨው መነስነስ ማዳለጡን ያቆመዋል። እና በአንድ ቀን ሁሉን ልቻል አትበሉ። አንዱን በዓል ውሃ በማፍሰስ ብቻ እርዱ፣ እያያችሁ። በሚቀጥለው የታጠበውን ያዙና ክተፉት። ከዚያ ፈርሱ ወጥቶ አንዴ የተለቀለቀውን ተቀበሉ። ከዚያ ከመጀመሪያው ግቡበት። እንዲህ ደረጃ በደረጃ የገባ ሰው ወደ ኋላ አይመለስም። ተገፍቶ የገባ ሰው ግን ብዙ ጊዜ እንደጠላው ይቀራል።

ሥራው የሚጀምረው ከዋዜማው ማታ ነው። በጉን ሳር ማብላት አቁሙ። ብዙ ቤት "የመጨረሻ ሌሊቱ ነው፣ አይራብ" ተብሎ ሳሩም፣ የእንጀራ ፍርፋሪውም፣ የድንች ልጣጩም ይደፋለታል። አንጀት የሚበላ ደግነት ነው፣ ይገባኛል። ግን ከዕርዱ በፊት ለ12 ሰዓታት ያህል ምግብ ያልበላ በግ ጨጓራው ይቀላል፣ ሲወጣ የመቀደድ ዕድሉም ይቀንሳል። ውሃ ግን አትከልክሉት። ውሃ የጠጣ በግ ለመግፈፍም ይቀላል።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ጀሪካኑን ሁሉ ማታውኑ ሙሉ። ጨጓራ የሚያስመርረው ውሃ ሲቆጠብበት ነው። ሁለት ሳፋ፣ ባልዲ፣ የሚቆርጥ ቢላ፣ የማይቆርጥ አሮጌ ቢላ ወይም ማንኪያ ለመፋቂያ፣ ሲባጎ፣ ጨው፣ ሎሚ፣ ትንሽ ዱቄት። ጓሮ ካላችሁ አንድ ጉድጓድ ማታውኑ ቆፍሩ። ጠዋት ፈርስ በእጅ ይዞ አካፋ ፍለጋ መዞር የለም።

በዕለቱ በጉን የሚገፈው ሰው የሆድ ዕቃውን ሲያወጣ አንድ ነገር ብቻ ለምኑት። ከጨጓራው በላይ ያለውን የምግብ መውረጃ በሲባጎ ይሰረው፣ አንጀቱ የሚጀምርበትንም እንዲሁ፣ ከዚያ ይቁረጥ። ይሄ ከተደረገ ፈርሱ ሥጋው ላይ አይፈስም። ሥጋው ላይ ከፈሰሰ ያንን ቦታ በቢላ ቆርጦ ማንሳት ይሻላል፣ ውሃ ማፍሰስ ቆሻሻውን ማዳረስ ነው።

ጨጓራውን ጉድጓዱ አጠገብ አምጡና ሰፊው ጎኑ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ቅደዱ። ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ደቂቃ ነው። ሙቀቱ ይወጣል፣ እንፋሎቱ ፊታችሁን ይመታል፣ የኮመጠጠ የሳር ሽታ ይመጣል። ምን እንደሆነ ማወቅ ይረዳል። ፈርስ ሰገራ አይደለም። በጉ ያኘከው፣ ገና በመብላላት ላይ ያለ ሳር ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት አረንጓዴ ቢጫ ነው፣ የገለባው ስንጣሪ ሳይቀር ይለያል። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ነው እኔ የሚቀለኝ። አፉን ወደ ጉድጓዱ ዘቅዝቃችሁ ድፉት፣ ከታች እየጨመቃችሁ። ቀስ አትበሉ። ቀስ ማለት ያንን ደቂቃ ማርዘም ነው።

ከዚያ ገልብጡት፣ ውስጡ ወደ ውጭ ይሁን። ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፣ ሙቅ አይደለም። ፈርሱ ሳይለቅ ሙቅ ውሃ ከነካው ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። በቀዝቃዛው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተለቀለቀ በኋላ ውስጡን ተመልከቱት። እንደ ፎጣ ጭገር የበዛበት ነው። እነዚያ ጭገሮች የተብላላውን ምግብ መጥጠው ወደ ደም የሚያሳልፉት ናቸው፣ ሳሩም የሚደበቀው በእነሱ ሥር ነው። እዚህ ጋ ስትደርሱ የከፋው አልፏል። ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚያቆመው ግን እዚሁ ጋ ነው።

ጥቁሩን ልባስ ሳይፍቅ የሚበላ ቤት አለ። እኔ እፍቃለሁ፣ ሽታው ያለው እሱ ላይ ነው። ለመፋቅ ሙቅ ውሃ ያስፈልጋል፣ የሚፈላ ውሃ ግን አይሆንም። በጣም የፈላ ውሃ ልባሱን ያበስለውና ይጣበቃል፣ ከዚያ በኋላ ቢላም አያነሳውም። የሚፈለገው ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር አያሻም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 100 አይደርስም። ሁለት እጅ የፈላ ውሃ ላይ አንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ስትጨምሩ የምትፈልጉት ላይ ይደርሳል። ቆላ ያላችሁ ቀዝቃዛውን ትንሽ ከፍ አድርጉት። ጨጓራውን ጥቂት ደቂቃ ንከሩና አንድ ጥግ በጥፍር ሞክሩ። ከለቀቀ አውጡት፣ ጣውላ ላይ ዘርጉት፣ በማይቆርጠው ቢላ ወደ አንድ አቅጣጫ ፋቁ።

ሲፋቅ ሙሉውን አትዩ። መዳፍ የሚያህል ቦታ ምረጡና እሱን ብቻ ጨርሱ። ነጭ ሲሆን ቀጣዩ መዳፍ። ዓይን ሰፊ ነገር ሲያይ ነው ልብ የሚደክመው። መንዙማም ይሁን መዝሙር፣ የምትወዱትን ክፈቱ። አጠገባችሁ የሚያወራ ሰው ቢኖር ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። እኛ ሰፈር የነበሩ አንዲት እናት "አብሽሪ የኔ ልጅ፣ እጅ ይታጠባል" ይሉ ነበር፣ እሳቸው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሥራው ይቀለው ነበር።

ከተፋቀ በኋላ በጨው፣ በሎሚና በዱቄት አሹት። ጨውና ዱቄቱ የሚያሙለጨልጨውን ይዘው ይወጣሉ፣ ሎሚው ሽታውን ይሰብራል። ውሃው እስኪጠራ ድረስ አለቅልቁ። በረኪና ግን በፍጹም አይንካው።

ሽንፍላው ትዕግሥት ይፈልጋል። ሽንፍላ ቢያጥቡት አይጠራም ይባላል፤ ይጠራል፣ ቅጠል ቅጠሉ መካከል አንድ በአንድ በጣት እየገቡ ነው እንጂ ላዩን በማጠብ አይደለም። በመጀመሪያ በዓላችሁ ሽንፍላውን ለሚችል ሰው ብትተዉት ማንም አይወቅሳችሁም። አንጀቱን ከበላችሁት ውሃ በአንድ ጫፍ አስገብታችሁ በጣት እየጨመቃችሁ አውጡ፣ ከዚያ በቀጭን እንጨት ገልብጣችሁ በጨው እሹ። ካልበላችሁት እዚህ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

መሀል ላይ ከመጣባችሁስ? ይመጣል። ሳትሮጡ ቢላውን አስቀምጡ። ራሳችሁን ቀና አድርጉና ወደ ሩቅ ተመልከቱ፣ የጦሳ ተራራ ከታያችሁ ጦሳን። ቀስ ብላችሁ በአፍ ተንፍሱ፣ ሎሚ ምጠጡ። ካስመለሳችሁም አስመለሳችሁ፣ አፍን ተጉመጥምጦ መመለስ ነው። አጠገባችሁ ያለ ሰው እንዳይስቅ ግን ከመጀመሪያው ንገሩት። የተሳቀበት ሰው ዳግም አይሞክርም፣ ልጆች ደግሞ ይብስባቸዋል።

እዚህ ላይ ለወንዶቹ አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር ወንዱ ያርዳል፣ ይገፋል፣ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። አረፋም ይሁን ፋሲካ፣ በዚህ ጉዳይ የወሎ እስላምና ክርስቲያን አንድ ነው። ቢላ ይዞ አንገት የቆረጠ ሰው ጨጓራ ቀፈፈኝ ቢል አላምነውም። ያልለመደው ስለሆነ ነው። ሚስቱ ጓሮ ብቻዋን ፈርስ ስትደፋ እሱ ሳሎን ጥብስ የሚበላበት በዓል ለእኔ ጎዶሎ ነው። ቢያንስ ፈርሱን መድፋትና ውሃ ማመላለስ የወንዱ ይሁን።

የሚቀፍ ነገር ሁሉ ደግሞ ታልፎ መነካት የለበትም። አንዳንዴ መቀፈፋችሁ ልክ ነው። በድንገት የሞተ፣ በተለይ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ደም የወጣው እንስሳ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና ጭራሽ አይከፈት፤ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ያለ ጓንት አትግቡ። ጉበቱን ስታዩ ሐሞቱ እንዳይፈስ ከጉበቱ ትንሽ አብራችሁ ቆርጣችሁ አንሡት። ከዚያ ጉበቱን ሰንጥቃችሁ እዩት። ደጋ ላይ ያደገ በግ ጉበት ውስጥ ጠፍጣፋ፣ ቅጠል የሚመስል ትል ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ካያችሁ ደግሞ ያንን ክፍል ለውሻ እንዳትጥሉ። ውሻው ከበላው ሆዱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ወደ ሰውና ወደ በግ ይመለሳል። አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ቅበሩት። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ደግሞ ጥሬ ዱለት ይቅርባት፣ በደንብ የበሰለ ትብላ።

ጽዳቱን ለነገ አታሳድሩ። ጣውላውንና ቢላውን በሳሙና እጠቡ፣ ወለሉን በበረኪና። የሎሚ ውሃ የነካውን ቦታ ሳታጥቡ በረኪና አታፍስሱበት፣ ሁለቱ ሲገናኙ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል። ፈርሱን አፈር አልብሱት፣ ለጓሮ ጎመን ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። ጓሮ የሌላችሁ በድርብ ፌስታል አሥራችሁ ለቆሻሻ አንሺዎች ስጡ። ቱቦ ውስጥ የተደፋ ፈርስ ቱቦውን ይደፍናል፣ ካልደፈነም ዝናብ ጠርጎት ቦርከና ወንዝ ይገባል፣ ከታች ደግሞ ያንን ውሃ ከብት የሚያጠጣ ሰው አለ።

እጃችሁ ላይ የሚቀረው ሽታ በሳሙና ብቻ አይሄድም። መጀመሪያ ዘይት ቀቡት፣ በጨውና በሎሚ እሹት፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። ጥፍር ሥር ያለውን በጥርስ ብሩሽ አውጡ። ልብሳችሁን ቀይሩ፣ ፀጉራችሁን መጀመሪያውኑ በሻሽ ብትጠቀልሉት ደግሞ አንድ ሥራ ይቀንስላችኋል። ጨጓራው አሁን ነጭ ሆኖ ሳፋው ውስጥ ነው። ውሃውን አንጠፍጥፉትና መክተፊያውን አምጡ።